ከውጭ የተቆለፈ

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአብዱልወሃብ ስልክ ጠራ። አብዱልወሃብ የመናዊ ነው፤ መካ ውስጥ ሚስፈላ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት ባለሦስት ፎቅ ቤት ዘበኛ ነው። ደዋዩ አረብኛውን በሐበሻ ቅላጼ የሚናገር ወንድ ነበር።

«ከደረጃው ሥር ያለችውን መጋዘን ስበርና ክፈት። ሰው አለባት። ቶሎ በል።»

«ማን ልበል?»

ስልኩ ተዘጋ።

የመጋዘኑ በር ከውጭ በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። አብዱልወሃብ በመዶሻ ሰበረው። አንድ ወጣት ሐበሻ በጎኑ ተኝቶ፣ አፉን ከበሩ ሥር ወዳለችው ክፍተት አስጠግቶ ሞቷል። በእጁ ስልክ ይዟል። ስልኩ አሁንም ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ነበር።

ሬሳው ላይ ቁስል የለም። አጠገቡ ያለቀ የአስም መድኃኒት ወድቋል።

*

ኢንስፔክተር ኃይለጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ ወደ ጂዳ የተላከው ወንጀል ሊመረምር አልነበረም። ሳዑዲ ለሕገወጥ ነዋሪዎች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልቆ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ሁሉ እየታፈሰ ማቆያ ሲገባ፣ ፓስፖርት የሌለውን እየጠየቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንዲያረጋግጥ ነበር። ለአሥራ አንድ ቀን «የት ተወለድክ? የቀበሌህ ሊቀ መንበር ማን ነበር?» ሲል ድምፁ ሻክሯል። ሰኞ ጠዋት ሻምበል ሳሊም የተባለ ሳዑዲያዊ መርማሪ አስጠራው። አረብኛውን የሚያስተረጉምለት ሾፌሩ ሚፍታህ ነበር፤ የደሴ ልጅ።

«ሟቹ ሐምዛ ይባላል» አለ ሻምበሉ። «በሩን የቆለፈበት ጓደኛው ሐሚድ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አግኝተናል። ነገ ማታ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«አንድ ታሪክ ይነግረኛል። የማመጣቸው አስተርጓሚዎች ግማሹ ላይ ሲደርሱ ማልቀስ ይጀምራሉ። አንተ ፖሊስ ነህ።»

«ዐቃቤ ሕግ ከተረከበውስ?»

ሻምበል ሳሊም መዳፉን እንደ ሰይፍ አንገቱ ላይ አሳለፈ።

ሐሚድ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ። ሲገባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሐምዛ ምንህ ነው?»

«ጓደኛዬ ነው ጋሼ። የመንን አብረን ነው ያቋረጥናት።»

«ለምን ቆለፍክበት?»

«እንደዛ ነው የሚኖረው። ፈታሾቹ ጓጉንቸሩን ከውጭ ሲያዩት ሰው የለም ብለው ያልፋሉ። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይቆልፋል። እሱ አስም አለበት፣ ሮጦ አያመልጥም፤ እሱ ይገባል፣ እኔ ለሥራ እወጣለሁ። ማታ የሚበላና መድኃኒቱን ይዤለት እመጣለሁ።»

«ሐሙስ ለምን አልመጣህም?»

«ባሕራ ከተማ ብሎኬት ስጭን ዋልኩ። መድኃኒቱን ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ በቫይበር መልእክት መጣልኝ፣ ከሐምዛ።»

ሻምበሉ የሐሚድን ስልክ ገፋ አደረገው። የላኪው ስምና ፎቶ የሐምዛ ነው። መልእክቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፦ «ሀሲና በትርፉ ቁልፍ ከፍታልኛለች። ወጥቻለሁ። አትመለስ፣ ፍተሻ አለ። ተመላሾችን በሚወስደው አውቶቡስ እጅህን ስጥና ጂዳ እንገናኝ።»

«ሀሲና እጮኛው ናት። እጄን ሰጠሁ» አለ ሐሚድ። «ሦስት ቀን እዚህ ስፈልገው ነበር ጋሼ። አውቶቡስ በገባ ቁጥር በር ላይ እየቆምኩ።»

ኢንስፔክተሩ ቃሉን ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን ሰጠው። «አንብበህ ፈርም።»

«እጄን ብሎኬት ቀጥቅጦኛል» አለ ሐሚድ፤ አውራ ጣቱንም ለቀለሙ ዘረጋ። እጁ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። ኢንስፔክተሩ አየው፤ ቀለሙን አቀረበለት።

ልጁ ሲወጣ ሻምበል ሳሊም ሳቀ። «ገብቶሃል? የተቆለፈበት ሰው ‹ተከፍቶልኛል› ብሎ አይጽፍም። መልእክቱን ይኸው ልጅ በሆነ መንገድ ራሱ ለራሱ ልኮታል።»

«የሐምዛ ስልክ ግን ከተቆለፈው በር ውስጥ ነበር።»

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለህ» አለ ሻምበሉ። የሟቹንም ስልክ አስፈርሞ ሰጠው።

*

ከጂዳ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ላይ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማያልፍበት ኬላ አለ። ኃይለጊዮርጊስ ክርስቲያን ነው። ሚፍታህ ከኬላው በፊት፣ ባሕራ ከምትባለው የጋራዥና የሱቅ ከተማ አወረደው።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ሻይ ይጠጡ። የሚያዩትን እኔ አይልዎታለሁ።»

«ፎቶ አንሳ። ዘበኛውን ስታገኘው ድምፁን ከፍተህ ደውልልኝ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ መጡ። ጠባብ መጋዘን፣ ምንጣፍ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። አንድ በር፣ አንድ ጓጉንቸር። ከዚያ የዘበኛው ድምፅ መጣ፤ ሚፍታህ እየተረጎመ።

«እዚያ እንደሚኖሩ ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ። ጥሩ ልጆች ናቸው።»

«ከሐሙስ እስከ እሁድ የት ነበርክ?»

«ጣራ ላይ። የኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፏል። ፍተሻው እስኪያልፍ ተደብቄ።»

«ስትዋሽ እኮ ድምፅህ ይቀጥናል» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ሚፍታህ እንዴት እንደተረጎመው አይታወቅም።

«አርብ ማታ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ» አለ አብዱልወሃብ። «በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ፈታሾቹ መጡብን ብዬ ወደ ጣራዬ ሮጥኩ። እሱ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም።»

«እሁድ ጠዋት የደወለልህስ?»

ሚፍታህ ከዘበኛው ቫይበር ላይ ቁጥሩን አነበበለት። በአንድ የሚጀምር፣ የአሜሪካ ቁጥር ነበር። ኢንስፔክተሩ የሟቹን ስልክ ከፍቶ ቫይበሩን ነካው። «ቁጥርዎን ያረጋግጡ» የሚል ገጽ መጣ። የተሞላው ቁጥር ሌላ ነው፤ ግን እሱም የአሜሪካ።

«ሐምዛ አሜሪካ ዘመድ አለው?»

ዘበኛው በጭንቀቱ መሃል ሳቀ። «የኔም ቫይበር የአሜሪካ ነው። ኢቃማ ለሌለው ሲም የሚሸጥ የለም። ሐበሾቹ ስልኬን ወስደው ያስከፈቱልኝ ባሕራ ያለ አንድ ልጅ ጋ ነው። ብዙየሁ የሚሉት።»

*

ብዙየሁ የሚሠራበት የሞባይል ሱቅ ኢንስፔክተሩ ሻይ ከሚጠጣበት ሦስት በር አልፎ ነበር። ከመነጽሩ ኋላ ቀጠን ያለ ፊት ያለው፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ወንበር አወጣለት።

«ስለ ሐምዛ ሰማሁ። ምን ዓይነት ልጅ መሰለዎት! ኢትዮጵያዊ ኢንስፔክተር መምጣቱስ ጥሩ ነው። መካ ገብተው ነበር?»

«አልገባም። ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያው እንደኔ ከመንገዱ ተመላሽ ነዎት! አራት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ከኬላው አላለፍኩም።» ሳቀ። ኢንስፔክተሩም አብሮት ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

ብዙየሁ ሥራውን ሳይደብቅ አስረዳው። ኢንተርኔት ላይ ቁጥር የሚያከራዩ ድረ ገጾች አሉ። ሲም የለውም፣ ቀፎ የለውም፤ ቁጥር ብቻ። ቫይበር ሲከፈት ማረጋገጫ ኮድ ወደዚያ ቁጥር ይልካል፣ ኮዱን ከድረ ገጹ አንብቦ ለባለ ስልኩ ይሞላለታል፣ አለቀ።

«ወረቀት የሌለው ልጅ እናቱን በምን ያናግር ኢንስፔክተር? ስንቱን ከቤተሰቡ አገናኝቻለሁ።»

«የሐምዛ ለምን ተዘጋ?»

«አንዳንዴ ይወድቃል። አምጥተው እንደገና እከፍትላቸዋለሁ።»

«ሐሚድንስ ታውቀዋለህ?»

«በመልክ። ሰሞኑን አላየሁትም።» ከሐሙስ እስከ እሁድ የት እንደነበረ ሳይጠየቅ ተናገረ። ፓኪስታናዊው የሱቁ ባለቤትም መሰከረለት፤ ሰው እየፈራ ስለቀረ ሱቁን አብረው ከፍተው አብረው ይዘጉ ነበር።

«አንተስ አትፈራም?»

«እኔማ ተገላገልኩ!» ስልኩን አሳየው። «ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ጠፋብኝ ብሎ ሁሩብ፣ ማለት ኮብላይ፣ አስመዝግቦብኝ ነበር። ትናንት አነሳልኝ። ይኸው መልእክቱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ባያነሳልኝ እኔም ማቆያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሩ እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ወጣ። ደጅ ላይ ማስታወሻው ውስጥ «ብዙየሁ፣ ከኬላው አላለፈም» ብሎ ጽፎ ስሙን ሰረዘው። በኋላ ያቺን ገጽ ቀዶ ሊጥላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ተዋት።

*

ሀሲና የሐምዛ እጮኛ ናት። ሩሰይፋ በሚባለው የመካ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች። ሚፍታህ ከማዳሟ በር ላይ አግኝቷት ስልኩን ሰጣት። ድምፅዋ አልቅሶ ያለቀ ድምፅ ነበር።

«ትርፍ ቁልፍ ነበረሽ?»

«የምን ቁልፍ? ከማዳም ቤት ከወጣሁ ወሬ ነው። የነሱን በር እንኳ አይቼው አላውቅም።»

«ሐምዛ ‹ሀሲና ከፈተችልኝ› ብሎ ለሐሚድ ጽፏል።»

«ጽፏል?» አለች። «ለሐሚድ? ኢንስፔክተር፣ ሐሚድ ማንበብ አይችልም እኮ። ሐምዛ ይደውልለታል እንጂ አንድ ቀን ጽፎለት አያውቅም። ሐሚድ ያፍርበታል፤ ሐምዛም ለሰው አይናገርበትም ነበር። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

ኢንስፔክተሩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሌላ የነገረሽ ነገር አለ?»

«ረቡዕ ደውሎልኝ ነበር። ‹ቫይበሩ የወደቀበት ሰው በሁለት ቀኑ ይያዛል፣ ሦስት ልጆች እንደዛ ሆኑ› አለኝ። ‹ምን ይሆን?› አልኩት። ‹እኔም አልገባኝም፣ ቆንስላ ሄጄ ልናገር ነው፤ ግን መጀመሪያ የከፈተልንን ልጅ ልጠይቀው፣ እሱ ያውቃል› አለ።»

«ያንቺን ቫይበር የከፈተው ማን ነው?»

«ብዙየሁ ነዋ። የሁላችንንም።»

ኃይለጊዮርጊስ ወደ ማቆያው ደውሎ ሐሚድን አስጠራ። «መልእክቱን ማን አነበበልህ?»

ከስልኩ ማዶ የብዙ ወንዶች ድምፅ ይሰማል። «እኔው ነኝ ያነበብኩት ጋሼ» አለ ሐሚድ ቶሎ ብሎ። ሰው አጠገቡ ነበር። ኢንስፔክተሩ አላስጨነቀውም።

ማስታወሻውን አወጣ። የብዙየሁ ከፊል ሁሩቡን ያነሳው እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዘበኛው ጋ የተደወለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ኬላውን ማን አለፈ እያለ ሲጠይቅ ነበር፤ ማንም ማለፍ አላስፈለገውም ነበር።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሻምበል ሳሊም ቶብ የሚባለውን ነጭ የዓረብ ቀሚስ ለብሶ፣ እንደ ደንበኛ የስልክ ሽፋን እያገላበጠ ሱቁ ውስጥ ቆመ። ሚፍታህ አጠገቡ ነው። ኃይለጊዮርጊስ የሐምዛን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ብዙየሁ፣ ይህን ከፍተህ ታሳየኛለህ? ምን እንደተጻጻፈ ማየት ፈልጌ ነው።»

«አይሆንም ኢንስፔክተር። የሱ ቁጥር ኪራይ አልቋል፣ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል።»

«መቼ አለቀ?»

«ባለፈው ወር።»

«እስቲ እንሞክረው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «ኮድ ላክ» የሚለውንም በጣቱ ነካ።

ከብዙየሁ ኋላ ያለው ላፕቶፕ አጭር ድምፅ አሰማ።

ብዙየሁ ሊዘጋው ሲዞር ሻምበል ሳሊም እጁን ያዘው። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አድርጎ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለ። ኮዱ ከላይ አለ፣ አሁን የገባው። ከሥሩ ሌሎች ነበሩ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቆጠራቸው። ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ፤ ያቺ ብዙየሁ ቫይበሩን ወደ ራሱ ስልክ የወሰደባት ናት። ከዚያ ሐሙስ ማታ አራት ኮድ። አርብ ሲነጋ ሰባት። አርብ ቀን፣ አርብ ማታ፣ እኩለ ሌሊት። ሁሉም ከተቆለፈው ክፍል የተጠየቁ ናቸው። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ።

«ሠላሳ አንድ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስልኩ ሲም የለውም፤ ሲም ለመግዛት ኢቃማ ይጠየቃል። ያለው የጎረቤት ሆቴል ዋይፋይና አንተ የከፈትክለት ቫይበር ነው። ኮድ በጠየቀ ቁጥር አንተ ጋ እንደሚደርስ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ጊዜ አንኳኳብህ።»

ብዙየሁ ቁጭ አለ።

«ለፖሊስ በነጻ መደወል ይችል ነበር» አለ።

ሚፍታህ ተረጎመው። ሻምበል ሳሊም መሬት መሬት አየ። «ለምን እንዳልደወለ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ» አለ።

ብዙየሁ የቀረውን ሳይጫኑት ተናገረ። ከፊሉ የጽዳት ሠራተኛ አቅራቢ ነው፤ ከሱ የጠፉ ሠራተኞች የተደበቁበትን ካመጣህልኝ ሁሩብህን አነሳለሁ አለው። ብዙየሁ የአንዱን ቫይበር ለአንድ ቀን ይወስዳል። ጓደኞቹ «የት ናችሁ፣ እኛ እዚህ ነን» እያሉ ይጽፋሉ። ቦታውን ለከፊሉ ይነግራል፣ ከፊሉ ለፖሊስ ጥቆማ ይሰጣል። በማግስቱ ከፍተሻው ያመለጠ ካለ ቫይበሩ ወደቀብኝ ብሎ ይመጣል፤ ይከፍትለታል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

«ሐምዛስ?»

«ሐሙስ ጠዋት ጻፈልኝ። ሦስት ልጆች እንዲህ ሆኑ፣ ምን ይመስልሃል፣ ለቆንስላ ብነግር ይሻላል ወይ? ብሎ። እኔን መጠርጠሩ አልነበረም። እኔን ማማከሩ ነበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሐሚድ እስኪመጣ ተቆልፎብኛል፣ ሲከፍትልኝ እሄዳለሁ አለኝ። እሁድ ሁሩቡ እስኪነሳ ዝም እንዲል ብቻ ነው። አስሙን አላውቅም ነበር። ዘበኛው ይሰማል ብዬ…»

«ዘበኛውም እንዳንተ ፈርቶ ነበር» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «ቅዳሜ ኮዱ ሲቆም ምን አሰብክ?»

«ተኛ ብዬ አሰብኩ።»

ሻምበል ሳሊም ካቴናውን አወጣ። ወደ መኪናው ሲሄዱ ለኢንስፔክተሩ በሚፍታህ በኩል እንዲህ አለው፦ «ጓጉንቸሩን አልነካም፣ ልጁን አልነካም፣ መካ አልገባም። የቱ አንቀጽ እንደሚይዘው አላውቅም። ያንተን ልጅ ሐሚድን ግን ለቅቄዋለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ አውሮፕላኑ ነዋ። ሌላ ወዴት ይለቀቃል?»

*

ከሰዓት በኋላ፣ የተመላሾች አዳራሽ። ሐሚድ አንዲት ፌስታል ታቅፎ ወለል ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ አጠገቡ ቁጭ አለ። በዙሪያቸው ማንም አልነበረም።

«ነጻ ወጥተሃል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐሚድ፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ከፌስታሉ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አወጣ፤ ሐሙስ የገዛው የአስም መድኃኒት ነበር። «ይህን ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡልኝ ጋሼ።»

ኃይለጊዮርጊስ ተቀበለው። «ሀሲና ነግራኛለች። ማንበብ እንደማትችል።»

ሐሚድ ራሱን ደፋ።

«ሐምዛ ጽፎልህ እንደማያውቅ እያወቅክ፣ በኋላ ራስህ ለምን አልደወልክለትም?»

«ተቀይሜው ነበር።» ቃሉ በጭንቅ ወጣ። «ሰው ፊት እንድዋረድ ጻፈብኝ ብዬ። ለመሄድ ቸኩሎ እኔን ረሳኝ ብዬ። ግዴለም፣ ጂዳ አገኘዋለሁ፣ እዚያ እሰድበዋለሁ አልኩ።»

«ማን አነበበልህ ታዲያ?»

«ብዙየሁ። ባሕራ ያለው። ለማንም እንዳይነግር አስምዬው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እስቲ ደውልልኝ፣ ድምፁን ልስማው ስለው ኔትወርክ የለም አለኝ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ምን ሆነሃል አልኩት። አልበላሁም አለኝ። ከዳቦዬ ቆርሼ ሰጠሁት።»

በድምፅ ማጉያው የበረራ ቁጥር ተጠራ። ሰዎች እየተነሱ ተሰለፉ።

«ያን መልእክት የላከው ሰው ተያዘ ይላሉ» አለ ሐሚድ። «ማን ነው?»

ኢንስፔክተሩ ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ። ጉዳዩን በአማርኛ የጻፈበት አንድ ገጽ ነበር፤ ሐሚድ ሊፈርምበት የሚገባ። እጁ ላይ አኖረለት።

ሐሚድ ወረቀቱን ትንሽ አየው። እጄ ታሟል አላለም። መልሶ ዘረጋለት።

«ማንበብ አልችልም» አለ፤ ድምፁን ሳይቀንስ። «እርስዎ ያንብቡልኝ።»

የብዙየሁ ስም አራተኛው መስመር ላይ ነበር። ኢንስፔክተር ኃይለጊዮርጊስ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ።